«ይህን ማን አየ?»፦ የበዓሉ ግርማ ሕይወት ፊልም ሆኖ ጅማ ላይ ሲመረቅ

የበዓሉ ግርማን ሕይወት ፊልም ላድርገው የሚል ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ፈተና ታሪኩ ከመጠን በላይ የተመቸ መሆኑ ነው። ኢሉባቦር፣ ሱጴ፣ ከሕንዳዊ ነጋዴ አባትና ከኦሮሞ እናት የተወለደ ልጅ። አዲስ አበባ መጥቶ ጄኔራል ዊንጌት ተማረ። ከዚያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከዚያ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ሄዶ ጋዜጠኝነት አጠና። ተመልሶ መነን መጽሔትን፣ አዲስ ዘመንን፣ ሄራልድን አዘጋጀ። በደርግ ዘመን የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆነ። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» የተባለው ልቦለዱ ታተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ ወጣ። ቮልስዋገን መኪናው ቃሊቲ መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። እሱ አልተገኘም።

እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያገኝ የፊልም ሰው እጁን ይበላዋል። መነሻው፣ መሃሉ፣ መድረሻው ተሰናድቶ የተቀመጠ ይመስላል። ግን መድረሻው የለም። ሰውየው ከዚያች ምሽት በኋላ ምን እንደደረሰበት በማስረጃ አልታወቀም። ስለ በዓሉ የሚሠራ ፊልም ሁሉ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከዚህ ግድግዳ ጋር ይጋጫል።

እዚህ የምተርከው አንድ የወጣቶች ቡድን ስለ እሱ ስለሠራው ድራማና ጅማ ላይ ስለተደረገው ምረቃ ነው። የምረቃውን ዝግጅት ካስተባበሩት አንዱ ነበርኩ። የፊልሙን ርዕስም የሠሪዎቹንም ስም አልጠቅስም። ፊልሙ ገና እየተስተካከለ ነውና እነሱም እንዲህ ይሻለናል ብለዋል። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው ከልቤ ስለማምንበት ነው። በእውን ስለኖረ ሰው የተሠራ ፊልም ሲመረቅ፣ ያንን ሰው ወይም ያደገበትን አገር የሚያውቁ ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ሊቀመጡ ይገባል። ሲጨርሱም ማይክ ሊሰጣቸው ይገባል።

ለምን ጅማ?

የፊልም ምረቃችን ወግ ይታወቃል። አዲስ አበባ፣ ትልቅ አዳራሽ፣ ቀይ ምንጣፍ፣ ስፖንሰር ባነር ፊት ፎቶ፣ የክብር እንግዳ ንግግር። ከዚያ ፊልሙ። ሲያልቅ ጭብጨባ ነው፤ ተዋንያኑ መድረክ ይወጣሉ፤ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን አልነቅፍም። ስንት ጊዜ የለፋ ሰው አንድ ምሽት ቢደሰት ደስ ይላል። ለፍቅር ፊልም ወይም ለኮሜዲ ይበቃል። ለሕይወት ታሪክ ግን አይበቃም።

ፕሮዲውሰሩ በመጀመሪያ ጅማ የሚለው ሐሳብ አልተዋጠለትም ነበር። «ጅማ ድረስ የትኛው ሚዲያ ይመጣል? ስፖንሰርስ ምን ብዬ ላሳምን?» አለ። ገንዘቡን ያወጣው እሱ ስለሆነ ስጋቱ የሚገባ ነው። አዘጋጇ ግን አልተበገረችም። እሷ ያደገችው ጅማ፣ መንደራ ነው። ከመቱ የሚመጣው መንገድ በበደሌና በአጋሮ አድርጎ ጅማ ይገባል። የኢሉባቦር ሰው ለሕክምና፣ ለትምህርት፣ ለንግድ ጅማ ይመላለሳል። እዚሁ ቀርቶ ቤት ሠርቶ የወለደም ብዙ ነው። «አዲስ አበባ ላይ ፊልሙን የሚያየው ሰው ልቦለዶቹን ያውቃል፤ ሱጴን የሚያውቀው ሰው ያለው ጅማ ነው» አለች። ክርክሩን የዘጋው ይህ ነው። መጀመሪያ ጅማ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ተባለ።

ዝናብ፣ መብራት፣ ቆርቆሮ

ጅማ ላይ ዝግጅት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሰማዩን ይጠይቅ። ዝናቡ ክረምትን አይጠብቅም። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ይለቀዋል፤ ማታም ይደግማል። ያገኘነው አዳራሽ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ኮርኒሱም ስስ ነው። ዝናብ ሲወርድበት ጎንህ የተቀመጠውን ሰው አትሰማም።

ለጭፈራ ፊልም ይህ ችግር አይሆንም ነበር። ይህ ፊልም ግን ጸጥታው ብዙ ነው። በዓሉ ሌሊት ታይፕራይተር ፊት ተቀምጦ አንድ መስመር ጽፎ የሚያቆምበት ረጅም ትዕይንት አለ። ሚስቱ ከመኝታ ቤት ሆና ድምፁ ሲቋረጥ ታዳምጣለች። የትዕይንቱ ሐሳብ በሙሉ በታይፕራይተሩ ድምፅና በመቋረጡ ላይ ቆሟል። ዝናብ ከገባበት ምንም አይቀረውም።

ድምፁን የያዘው ልጅ ጥሩ መፍትሔ አመጣ፤ ምረቃው ጠዋት ይሁን አለ። ጠዋት ጅማ ብዙ ጊዜ ትረጋጋለች። ሁላችንም ተገረምን። ፊልም በጠዋት ይመረቃል እንዴ? ግን ሲታሰብ ልክ ነበር። ቀኑን ስንመርጥም እንዲሁ የከተማውን ኑሮ ተከተልን። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ነው፤ ከተማው በሙሉ እዚያ ነው። ዓርብ ጁምዓ ነው። እሑድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ቅዳሜ ጠዋት ቀረችልን።

ጠዋት ሲሆን ብርሃኑ አስቸገረን። አዳራሹ ረጃጅም መስኮቶች አሉት። መጋረጃ ለመከራየት ብንጠይቅ ዋጋው አይቀመስም። ለግንባታ የሚውለውን ጥቁር ፕላስቲክ በጥቅል ገዝተን መስኮቶቹን ከውስጥ ሸፈንን። ነፋስ ሲነካው እንዳይንኮሻኮሽ ጠርዙን ሁሉ በፕላስተር ለጠፍን።

የመብራቱን ነገር ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። መብራት ይሄዳል ብለን ጀነሬተር ተከራየን፤ ድምፁ እንዳይረብሽ ከአዳራሹ ጀርባ አርቀን በረጅም ገመድ አስገባነው። እዚህ ላይ ለሌሎች አዘጋጆች የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር እየሠራ ድንገት መብራት ቢሄድበት ማቀዝቀዣው አብሮ ስለሚቆም አምፖሉ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ፕሮጀክተሩንና ላፕቶፑን በዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጊዜው በባትሪ በሚያሠራው መሣሪያ፣ አገናኘናቸው። ስፒከሮቹን ግን ዩፒኤሱ አይሸከማቸውም። ይህ ማለት መብራት ሲሄድ ምስሉ ይቀጥላል፣ ድምፁ ይቆማል። ኦፕሬተሩ ድምፁ በተቋረጠባት ቅጽበት ፊልሙን እንዲያቆምና ጀነሬተሩ ሲነሳ ትንሽ ወደ ኋላ መልሶ እንዲጀምር ተስማማን። በዕለቱም መብራት ሄደ። ሰው ገና «ኤጭ!» ብሎ ሳይጨርስ ፊልሙ ተመለሰ።

ፈቃድ

ፊልሙ ውስጥ ከልቦለዶቹ የተወሰዱ ምንባቦች ይሰማሉ። ቡድኑ መጀመሪያ ላይ «ለጥበብ ሥራ ነው፣ ማን ይከለክለናል?» የሚል መንፈስ ነበረው። ብዙ ወጣት ፊልም ሠሪዎች እንዲህ ያስባሉና ነገሩን ማስረዳት ተገቢ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። መብቱ ለወራሾች ያልፋል። በዓሉ ከጠፋ ገና ያን ያህል ጊዜ አልሞላም። ስለዚህ ምንባብ ለመጠቀም መጀመሪያ የሚጠየቀው ቤተሰብ ነው። ከአዋጁም በላይ የሰው ነገር አለ። አባት ወጥቶ ባልተመለሰበት ቤት፣ ያንን ምሽት ፊልም አድርገን ልናሳይ ነው ብሎ ቀድሞ አለመንገር ነውር ነው። ቡድኑ ይህን ሲረዳ ብዙዎቹን ምንባቦች አውጥቶ፣ ለቀሩት ጥያቄውን በደብዳቤ አቀረበ። ጅማ ላይ የታየው ቅጂ ውስጥ የነበሩት ምንባቦች ሁለት አጫጭር ብቻ ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት

አዳራሹ ሞላ። ተማሪዎች ነበሩ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ልጆች በቡድን በቡድን በባጃጅ መጡ። መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎችም ነበሩ። የፊት ወንበሮችን ለክብር እንግዳ ከመያዝ ይልቅ ለአረጋውያን ያዝናቸው። ከኢሉባቦር መጥተው ጅማ የሚኖሩ ሽማግሌዎችንና እናቶችን አዘጋጇ ራሷ ቤት ለቤት ሄዳ ነው የጠራቻቸው። መግቢያው ላይ ቡና ይፈላ ነበር። የጅማ ነገር ነው፤ ያለ ቡና ምን ይጀመራል?

ንግግር አልነበረም። ፊልሙ ወዲያው ጀመረ።

የመጀመሪያው ትዕይንት ሱጴ ነው። አንዲት እናት ከጓሮ ሆና ልጇን ትጣራለች፤ «ልጄ ሆይ፣ ና ወደ ቤት ግባ!» በጠራ አማርኛ። ምስሉ ውብ ነው። ጭጋግ፣ ቡና ተክል፣ እንሰት፣ የሣር ቤት። ግን ፊት ወንበር ላይ እርስ በርስ መተያየት ተጀመረ። አንዲት እናት ጎናቸው ወዳሉት ጠጋ ብለው በኦሮምኛ አንድ ነገር ሹክ አሉ፤ እኚያኛዋም ራሳቸውን ነቀነቁ። አዘጋጇ ከጎኔ ነበረች፤ አየቻቸው።

መሃሉ ጥሩ ነው። የጋዜጣ ዝግጅት ክፍሉ ሕይወት ያለው ነው። ሲጋራው፣ ስልኩ፣ የማተሚያ ቤቱ ጥድፊያ። በዓሉን የሚጫወተው ልጅ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ የሰውየውን ጭንቀት ያሳያል። በ1974 ደርግ ኤርትራ ውስጥ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ የሚደርሰው ክፍል ግን በጀት እንዳጠረው ያስታውቃል። አንድ ሆቴል፣ አንድ ስብሰባ፣ አንድ የወታደር መኪና። ቡድኑ ዘመቻውን ከማሳየት ይልቅ በዓሉ ማስታወሻ ሲይዝ ማሳየትን መረጠ። ብልህ ምርጫ ነው።

ከዚያ መጨረሻው መጣ። በዓሉ ከቤት ይወጣል። መኪናው ቃሊቲ መንገድ ላይ ትቆማለች። ሁለት ሰዎች ያስወርዱታል። ቀጥሎ አንድ ጨለማ ክፍል ውስጥ መርማሪ ፊት ቆሞ ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ ስለ እውነት፣ ስለ ብዕር። በሩ ይዘጋል። ተኩስ ይሰማል።

ተማሪዎቹ ጨብጭበዋል። ያለቀሱም ነበሩ። የፊቱ ወንበር ግን ዝም አለ።

ማይኩ

የውይይቱን መድረክ የመራው ሰው ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ነበር፤ ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ሰው በተመቸው ቋንቋ እንዲናገር ተነገረ።

መጀመሪያ የተነሱት እኚያ የሹክሹክታው እናት ናቸው። አዘጋጇን «ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ቀጠሉ። በእሳቸው ልጅነት በዚያ ጓሮ እናት ልጇን የምትጣራው በኦሮምኛ ነው። አሁን በፊልሙ ላይ ያለችው እናት ግን ከሬዲዮ ዜና የወጣች ትመስላለች አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «እሱ አማርኛውን ያን ያህል ያሳመረው በኋላ ተምሮ ነው። ይህን ካላሳያችሁ ልፋቱን ደበቃችሁበት» ብለው ተቀመጡ።

ከሰማኋቸው የፊልም ሒሶች ሁሉ ይህን የሚያክል አላስታውስም። እውነትም ነው። የአማርኛን ልቦለድ ቋንቋ ካቀለሉትና የንግግርን ለዛ ካስገቡበት ደራሲዎች አንዱ፣ ሕፃን ሳለ በሌላ ቋንቋ ይጠራ ነበር። ይህ የሕይወቱ ትልቅ ታሪክ ነው። ፊልሙ ግን በመጀመሪያው ደቂቃ ጣለው።

ቀጥሎ አንድ የገጠር መምህር ተነሡ። ጥያቄያቸው ስለ «የሕሊና ደወል» ነበር፤ በ1966 የታተመው፣ በኋላም «ሐዲስ» ሆኖ ተስፋፍቶ የወጣው። ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ መምህሩ ሐዲስ ሳህሌ፣ በኢሉባቦር ገጠር ትምህርት ቤት ለማሠራት የሚታገልበት ልቦለድ ነው። «ፊልማችሁ ከሱጴ ያወጣውና አይመልሰውም። እሱ ግን በብዕሩ ተመልሷል» አሉ። ስለ በዓሉ ሲወራ ሁሌ «ኦሮማይ» ሌላውን ይውጠዋል። ባለፉት ዓመታት ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር መታተሙ ደግሞ ይህን አጠናክሮታል። የመምህሩ ቅሬታ እኔንም ነካኝ። ገጠር ውስጥ ልጆች ለሚያስተምር ሰው ሐዲስ ሳህሌ የራሱ ሰው ነው።

ከዚያ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ማይኩን ተቀበሉ። አላበዙም። የመጨረሻውን ክፍል ጠቅሰው «ይህን ማን አየ?» አሉ።

አዘጋጇ ዝም አለች። ከዚያ «ማንም አላየም፣ አባቴ» አለች።

«እንግዲያው ለምን አሳየሽን? እኛ በዚያ ዘመን ወጥተው ያልተመለሱ ሰዎች አሉን። የት እንደደረሱ ባለማወቅ ነው የምንኖረው። አንቺ ግን ተኩሱን አሰምተሽ ገላገልሽን።»

የተናገሩት በቁጣ አልነበረም። ግን ከዚያ በኋላ ውይይቱ ሌላ ሆነ። አንድ ተማሪ ተነስቶ ፊልም ፈጠራ ነው፣ በዓሉም ራሱ እውነተኛ ሰዎችን በልቦለድ ስም አድርጎ ጽፏል፣ ለእሱ የተፈቀደ ለፊልሙ ለምን ይከለከላል ብሎ ተከራከረ። ጥሩ ክርክር ነው። ልዩነቱ ግን እዚያው አለ። በዓሉ የጻፈውን ልቦለድ ብሎ ነው ያወጣው፤ የገጸ ባሕርያቱም ስም የልቦለድ ስም ነው። ፊልሙ ግን በእውነተኛ ስም፣ በእውነተኛ ቀን፣ በእውነተኛ መንገድ ይጀምርና ሳያስታውቅ ወደ ፈጠራ ይሻገራል። ከአሥር ዓመት በኋላ ይህን ፊልም ያየ ልጅ «በዓሉ እንዲህ ብሎ ተናግሮ ተገደለ» ብሎ ያወራል። ታሪክ የሚበላሸው እንደዚህ ነው።

ምን ተለወጠ?

ቡድኑ በዚያኑ ዕለት ከሰዓት አንድ ቡና ቤት ተሰብስቦ ተነጋገረ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ድምፅ የያዘው ልጅ ደስ ብሎታል። ሌላው ግን ፊቱ የተቋጠረ ነበር። ከሁሉም የከፋው በዓሉን የሚጫወተው ተዋናይ ነው። ያ የጨለማ ክፍል ንግግር ምርጥ ሥራው ነበር። ለዚያ ትዕይንት ክብደት ቀንሷል፤ ቃሉን ሌሊት ሌሊት አጥንቷል። «ፊልሙ የሚታወስበት ቦታ ይህ ነው፤ ይህን ካወጣችሁት እኔ ምን ሠራሁ?» አለ። ፕሮዲውሰሩም ከእሱ ጋር ነበር። የፊልሙ ማስታወቂያ ላይ የገባው ትዕይንት ያ ነውና።

እኔም ተጠይቄ ሐሳቤን ሰጠሁ፤ ይውጣ አልኩ። ሰውየው መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ አናውቅም። በአፉ የእኛን ንግግር ማስገባት እንደ ማክበር ይመስላል እንጂ ቃሉን መቀማት ነው። ያውም ዕድሜውን በሙሉ ለቃል ሲጨነቅ የኖረ ሰው።

የጨለማው ክፍል ወጣ። ድምፅ በመስጠት ሳይሆን፣ አዘጋጇ ኃላፊነቱን ወስዳ ነው የወሰነችው። አሁን ያለው ቅጂ እንዲህ ነው። በዓሉ በሩን ዘግቶ ይወጣል። ካሜራው ቤት ውስጥ ይቀራል። የሞተሩ ድምፅ ይሰማል፤ ይርቃል። ቀጥሎ መኪናዋ በጠዋት ብርሃን ባዶዋን ቆማ ትታያለች። ከዚያ በጽሑፍ የሚታወቀው ብቻ ይሰፍራል። ወሩና ዓመቱ፣ መኪናው የተገኘበት መንገድ፣ እሱ አለመገኘቱ። ለተዋናዩ በምትኩ የታይፕራይተሩ ትዕይንት ረዘም ተደርጎለታል። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠለትም፤ እውነቱን ለመናገር አልፈርድበትም።

የልጅነቱ ክፍል እንደገና ድምፅ ተሠርቶለታል። እናትየዋ አሁን በኦሮምኛ ትናገራለች፤ ከታች የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ተዋናይቷ ኦሮምኛ ስለማትችል ድምፁን የሰጠችው የበደሌ ልጅ ናት። እኚያ እናትም ቀረጻው ላይ ተገኝተው የአነጋገሯን ለዛ አርመዋል። የመጀመሪያው የአማርኛ ቃል አሁን የሚሰማው ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ያቺ አንዲት ለውጥ የፊልሙን ግማሽ ትርጉም ሰጥታዋለች ብዬ አምናለሁ፤ ከዚያ በኋላ ልጁ እያንዳንዷን ፊደል ሲቆጥር በሌላ ዓይን ነው የምታየው።

የመምህሩ ጥያቄ አልተመለሰም። ሐዲስ ሳህሌንና የገጠሩን ትምህርት ቤት የሚያስታውስ አንድ ክፍል ተጽፏል፤ ለመቅረጽ ግን ገንዘብ የለም። ዝናቡ እስኪያልፍ ሱጴ ድረስ መኪና ጭኖ መሄድም አይቻልም። አዘጋጇ በጥቅምት፣ የቡና ለቀማው ሲጀመር ልትቀርጸው አስባለች።

የአዲስ አበባው ምረቃ ከዚያ በኋላ ይሆናል። ከእሱ በፊት ግን ፊልሙ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መቱ ላይ እንዲታይ ተወስኗል፤ እንደ ጅማው ፊት ወንበሩ ለአረጋውያን፣ ሲያልቅም ማይኩ ለሰው። ሐሳቡን ያመጣው ፕሮዲውሰሩ ነው።